የእንስሳት ሕክምና አንደኛ ምርጫዬ ነው፤ ቤተሰቤ ግን አልተዋጠለትም

ከደምበጫ፦

ጤና ይስጥልኝ። ውጤታችን መጥቷል፤ ከ600 371 አምጥቻለሁ። ባዮሎጂ ከሁሉም በልጦልኛል፣ ኬሚስትሪም አያሳፍርም፣ ፊዚክስ ግን ለምኜ ያለፍኩት ይመስላል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምንሞላበት ጊዜ ስለደረሰ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

መማር የምፈልገው የእንስሳት ሕክምና ነው። ይህን ከተናገርኩ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አስተያየት ያልሰጠ የለም። እናቴ «ስድስት ዓመት ተምረሽ በሬ ልትወጊ ነው?» ትላለች። ባሕር ዳር የሚነግደው አጎቴ ደግሞ በስልክ «ዶክተር መባል ካማረሽ የሰው ሁኚ፤ የሰው ካልደረሰሽ ኮምፒውተር ተማሪ» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። አባቴ ብዙ አልተናገረም። «ሐኪም ቢኖርማ ጥሩ ነበር» ብሎ ወደ ማሳው ሄደ። ይህ ፈቃድ ይሁን ሌላ ነገር እስካሁን አልገባኝም።

እኔን የሳበኝ ነገር ትንሽ ያስቃል። ለፋሲካ የታረደ በግ ጉበቱ ሲከፈት ጠፍጣፋ ትሎች ተገኙበት። ሰው ሁሉ «የጉበት ትል ነው» ብሎ የተበላሸውን እየቆረጠ ጣለ፤ እኔ ግን «ከየት ገቡ?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። የባዮሎጂ መምህራችን ትሉ ረግረግ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ አድጎ፣ ከዚያ ወጥቶ ሣር ላይ ተጣብቆ በግ እስኪግጠው እንደሚጠብቅ ነገሩን። የእኛ በጎች በበጋ የሚውሉት ወንዝ ዳር ያለው ረግረግ ላይ ነው! ጎረቤት ሁሉ እዚያው ነው የሚያሰማራው። ይህን ለአባቴ ነግሬው «ታዲያ የት ላሰማራ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። 371 ይበቃል ወይ? የት ልምረጥ? ቀጭን ነኝ፤ በሬ ይዤ ማከም እችላለሁ? ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ አለ? በዲፕሎማ መግባትስ አይሻልም? አንድ ደግሞ ለቤተሰቦቼ ያልነገርኳቸው ነገር አለ፤ ደም አያስፈራኝም፣ ውሻ ግን በጣም ያስፈራኛል።

አራተኛ ዓመት ተማሪ፦

እንኳን ደስ ያለሽ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ካስታወስሽ 371 ቀላል ውጤት እንዳልሆነ ይገባሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሁን የምትመርጪው ዩኒቨርሲቲውን ነው፤ ትምህርት ክፍሉ የሚመጣው በኋላ ነው። ስለዚህ ስሙ ስላማረሽ ወይም ጓደኛሽ ስለምትሄድ ብለሽ የእንስሳት ሕክምና የማያስተምር ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ካደረግሽ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለእኛ የሚቀርቡት ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ወሎ ናቸው። ራቅ ካልሽ ሐሮማያ፣ ጅማና ሐዋሳም ያስተምራሉ። አንጋፋው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ስለሆነ ግን የራሱን የመግቢያ ፈተና ይፈትናል፤ እዚያ ካሰብሽ ማስታወቂያውን አሁኑኑ ተከታተዪ።

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፦ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ባዮሎጂ፣ አዎ፣ ፊዚክስም። ትምህርት ክፍል የሚደርስሽ በዚያ ዓመት ውጤትና በምርጫሽ ስለሆነ ፊዚክስን እንደገና ለምነሽ ለማለፍ አትሞክሪ። ደግነቱ የእንስሳት ሕክምናን አንደኛ አድርጎ የሚመርጥ ተማሪ ብዙ አይደለም። የእኛ ክፍል የመጀመሪያ ቀን መምህሩ «ፈልጎ የመጣ እጁን ያውጣ» ሲሉ ጥቂት እጆች ብቻ ነበሩ፤ ሌላው አንገቱን ደፋ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና አለ፤ እሱም ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የተማርሽውን አናቶሚ እዚያ ላይ ይጠይቁሻል፤ ደብተርሽን አትጣዪ።

ጤና ረዳት፦

እኔ በዲፕሎማ ነው የተመረቅኩት፤ አሁን ያለሁት ገጠር ቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ ውስጥ ነው። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፤ ገበሬው ደጃፍ ድረስ የሚሄደው፣ የሚከትበው፣ የሚያኮላሸው፣ በሞተር የሚወድቀው የእኛ ዓይነት ሰው ነው። ዶክተሩ ወረዳ ተቀምጦ ሪፖርት ይጠብቃል። ሁሉም እንደዚያ ነው አልልም፤ ግን አለ።

ቶሎ ሥራ ላይ መግባት ከፈለግሽ የእኛ መንገድ አጭር ነው። 371 አምጥተሽ ግን እኔ ያለሁበት እንድትመጪ አልመክርሽም። እኔ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አይፈቀድልኝም፤ ማይክሮስኮፕም የለኝም። ከብቱ ለምን እንደሞተ ሳላውቅ «ሳምባ ይሆናል» ብዬ የምመለስበት ቀን ብዙ ነው። «ከየት ገባ?» የሚል ጠባይ ካለብሽ ያ ነገር ያሳብድሻል።

ሐኪም ከቡሬ፦

ጤና ረዳቱ ወረዳ ስለሚቀመጠው ዶክተር ያለውን ተቀብያለሁ፤ ወንበሩን የሚወድ ዶክተር አውቃለሁ። አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ።

«እንስሳ ስለምወድ» ብለሽ አለመጀመርሽ ደስ ብሎኛል። መውደዱ መልካም ነው፤ ግን ሌሊት በጭቃ ተንበርክኮ፣ ክንድን እስከ ትከሻ አስገብቶ፣ የዞረ የጥጃ አንገት መፈለግ ሲመጣ ፍቅር ብቻውን ሰውን አያቆምም። ጉበቱን አይቶ «ከየት ገባ?» ያለ ሰው ግን ይቆያል። እኔ ራሴ ተመድቤ ነው የገባሁት፤ የምፈልገው የሰው ሕክምና ነበር። አኩርፌ ቆይቼ ፓቶሎጂ ስንጀምር፣ የሞተ እንስሳ ተከፍቶ እያንዳንዱ አካል ለምን እንደሞተ ሲናገር ሳይ ኩርፊያው ለቀቀኝ።

እናትሽ ስለ ስድስቱ ዓመት ቢጠይቁ ይፈረድባቸዋል? አይፈረድም። ከውጭ ሲታይ ሥራው መርፌ ነው። ግን የሰው ሐኪም የአንድ ፍጥረት አካል ያጠናል፤ እኛ የላሙንም፣ የፈረሱንም፣ የበጉንም፣ የውሻውንም፣ የዶሮውንም እናጠናለን፤ አንዱ ላይ የተማርሽው ሌላው ላይ ያታልልሻል። ላም ታመነዥካለች፣ ታገሳለች፤ ፈረስ ማመንዠክም ማስታወክም አይችልም፣ ስለዚህ የፈረስ ሆድ ቁርጠት ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው። ፓራሲታሞል ለእናትሽ የራስ ምታት መድኃኒት ነው፤ ለድመት ግን መርዝ ነው። ታካሚው ደግሞ የት እንዳመመው አይናገርም። የሚናገረው ባለቤቱ ነው፤ እሱም ትናንት ምን እንደሰጠው ይደብቅሻል።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ታካሚሽ በሬው ነው፤ ወሳኙ ግን ባለቤቱ ነው። ከዓባይ በረሃ አፋፍ አንድ ሰው በሬ እየነዳ ይመጣል፤ በሬውን ገንዲ፣ ያ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የደም በሽታ፣ ይዞት ይሆናል፤ ከሲታ፣ ጸጉሩ የቆመ፣ ዓይኑ የገረጣ በሬ። ደሙን በማይክሮስኮፕ አይተሽ ተሐዋሲው ሲዋኝ ካገኘሽው መድኃኒቱ አለ፣ ትወጊዋለሽ። ሰውየው ግን የሚጠይቅሽ «በሽታው ምንድን ነው?» ብሎ አይደለም። «ይድናል ወይስ ልሽጠው?» ነው የሚልሽ። በሬው ድኖ የሚመለሰው እዚያው ቆላ ዝንብ ያለበት ቦታ ነው። ወሩ ሰኔ ከሆነ ቀንበሩ ያለ ጥንድ ቀርቷል፤ ከተሸጠም የከሳ በሬ ዋጋ ሌላ በሬ አይገዛም። ሕክምና ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ለማዳበሪያ የተቀመጠ ነው። ይህን ሂሳብ ከሰውየው ጋር ተቀምጠሽ ካልሠራሽ ሕክምናሽ ግማሽ ነው። እኔ ከተመረቅኩ በኋላ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሒሳቡ አንዳንዴ ይከብዳል። መድኃኒት የተወጋ ከብት መድኃኒቱ ከሥጋውና ከወተቱ እስኪወጣ ድረስ መታረድ የለበትም፣ ወተቱም አይጠጣም። ባለቤቱ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቅንቆ በማግስቱ ገበያ ይወስደዋል። ገዢው አይጠይቅም። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? እኔ ከሚሸጠውም ከሚያርደውም ጋር ተጣልቻለሁ፤ አሁንም እጣላለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው አባ ሰንጋ ነው። ጤነኛ የነበረ ሰንጋ ድንገት ይወድቃል፤ ከአፍንጫውና ከመቀመጫው ጥቁር ደም ይወጣል፣ ደሙም አይረጋም። መንደሩ ቢላዋ ስሎ ቅርጫ ሊያወጣ ሲል አንቺ መጥተሽ «አይከፈትም፣ አይበላም፣ ቆዳውም አይገፈፍም፤ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር» ትያለሽ። ሥጋ ለዓመት በዓል ብቻ የሚያይ ቤተሰብ ፊት ቆመሽ ይህን መናገር ከየትኛውም ቀዶ ሕክምና ይከብዳል። ግን ከተከፈተ ተሐዋሲው አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ሠርቶ አፈሩ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ የበላውን ሰውም ይይዛል። እንግዲህ የእንስሳት ሐኪም የሰው ሐኪም አይደለም የሚለውን አጎትሽን እዚህ ጋ ጠይቂው።

ለአጎትሽ ሌላም ጨምሪለት። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ረሃብ ሲነሳ በከብት በሽታ ነበር የተነሳው። «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የእርሻ በሬውን ሲጨርስ መሬቱ ሳይታረስ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎጃምም ወሎም ያውቀዋል። ያ በሽታ ዛሬ የለም። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ያጠፋው ክትባት ነው፣ ክትባቱን ይዘው በእግር የተጓዙ ሰዎች ናቸው።

ክትባት ካነሳን፦ ከብቶች ለአባ ሰንጋና ጡንቻ ለሚያሳብጠው ለአባ ጎርባ ዝናብ ሳይገባ መከተብ አለባቸው። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው፤ እስከ እኛ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ሆኖ መድረስ አለበት። መብራት ይጠፋል፣ ባለፉት ዓመታት እንደሆነው መንገድም ይዘጋል። የሞቀ ክትባት ወግተሽ ወይፈኑ ከሞተ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ከብቱን ደብቆ ይጠብቅሻል፤ ልክ ነው።

ሥራ አለ ወይ ላልሽው አጭር መልስ ልስጥሽ፤ ይህን ማስረዘም ያስከፋኛል። መንግሥት ይቀጥራል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ ደመወዙም ትንሽ ነው። ከወረዳ ውጭ የወተትና የዶሮ እርባታ፣ ቄራ፣ መድኃኒት ቤት፣ የምርምር ማዕከል አለ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ስትሄጂ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልን ታያለሽ፤ የፎገራን ከብት የሚያጠኑት እዚያ ነው። ዋሸራ በግ በሰፈርሽ አለ፤ እሱን የሚያጠና ሰውም ያስፈልጋል። ሀብታም ለመሆን ከሆነ አጎትሽ ይሻላል።

ገበሬ ከቢቸና፦

ሐኪሞች ከተሰበሰባችሁ ጣልቃ ልግባ፤ ይቅርታ ልጄ፣ ያንቺንም እያነበብኩ ነው። ላሜ ትናንት ማታ ወለደች፣ ጥጃው ደህና ነው፣ እንግዴ ልጁ ግን እስካሁን አልወጣም፣ ተንጠልጥሏል። ጎረቤት ድንጋይ እሰርበት ይላል። ምን ላድርግ?

ሐኪም ከቡሬ፦

አያ፣ ድንጋይ አያስሩበት፣ አይጎትቱትም። ተበጥሶ ግማሹ ውስጥ ከቀረ ማህፀኗ ይመግላል። ብዙ ጊዜ በግማሽ ቀን ውስጥ ራሱ ይወጣል፤ አንድ ቀን ካለፈ ግን ቀርቷል ማለት ነውና ወደ ክሊኒክ ይደውሉ። መብላት ካቆመች፣ ትኩሳት ካላት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካለ ሰዓቱን አይጠብቁ። በባዶ እጅ ደግሞ አይንኩት፤ የሚያስወርድ በሽታ ካለባት ለሰውም ይተላለፋል። የወደቀውንም ውሻ እንዳይበላው ይቅበሩት።

የወተት ላሞች ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦

ስለ ጉልበት የተጠየቀውን ማንም አልመለሰም፤ ወንዶች ስለሆናችሁ ይሆናል።

እኔም ቀጭን ነኝ። በሬን በጉልበት የሚያሸንፍ ሰው የለም፤ ወንዱም አያሸንፍም። የሚጥለው ገመድ ነው። ረጅም ገመድ አንገቱ ላይ ታስሪያለሽ፣ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን አንዴ ትጠመጥሚያለሽ፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ሆዱን ደግሞ አንዴ፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ከብቱ ራሱ ታጥፎ ይተኛል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ገበሬ አፉን ይዞ ይቀራል። ምጥ ላይም ቢሆን የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ቅባት ነው። በግ ስታምጥ ደግሞ ትንሽ እጅ ትልቅ ሀብት ነው፤ ወፍራም ክንድ ያላቸው የሥራ ጓደኞቼ እኔን ነው የሚጠሩት።

የሚከብደው ሌላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቤት ስገባ ቡና አቅርበው «ዶክተሩ እስኪመጣ ተጫወቺ» ይሉኝ ነበር። ቡናውን ጠጥቼ ጓንቴን አወጣለሁ። ንግግር ብዙም አይለውጣቸውም፤ ከብቷ ስትነሳ ግን ይለወጣሉ። የተዳቀለች ላም ከወለደች በኋላ ወድቃ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ብታገኚያት ብዙ ጊዜ ደሟ ውስጥ ካልሲየም አልቆ ነው። ካልሲየሙን በደም ሥሯ በቀስታ ትሰጫታለሽ፤ በቀስታ ያልኩት ከፈጠነ ልቧን ስለሚያቆም ነው። ልቧን እያዳመጥሽ ታንጠባጥቢያለሽ። ከዚያ ታገሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትነሳለች፤ ሞታለች ብለው ቢላዋ የሳሉ ሰዎች «እመቤቴ!» ብለው ያጨበጭባሉ። ከዚያ ቤት ሁለተኛ «ዶክተሩ» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከደምበጫ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ክፉ ቀን ያሉትን ለአጎቴ በስልክ አነበብኩለት፤ ዝም አለና «ለማንኛውም እናትሽን ጠይቂ» አለኝ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው። ጎንደርን አንደኛ፣ ባሕር ዳርን ሁለተኛ፣ ወሎን ሦስተኛ አድርጌ ልሞላ ነው። ስለ ውሻው ግን ማንም አልመለሰልኝም። ውሻ ሳልነካ መመረቅ ይቻላል?

አራተኛ ዓመት ተማሪ፦

አይቻልም። እኔም ፈሪ ነበርኩ።

የወተት ላሞች ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦

አይቻልም፤ ግን ፍርሃቱን አትናቂው። ውሻ የማይፈራ የእንስሳት ሐኪም ያስፈራኛል። ውሻውን ባለቤቱ ይዞ አፉን በፋሻ ያስረዋል፣ አንቺ ከጎን ትቀርቢያለሽ እንጂ ከፊት ለፊት አትጎነበሺበትም። ከዚያ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነገር ነው። ሳትነከሺ በፊት የሚሰጥ የሰው ክትባት አለ፤ የዚህ ሙያ ሰው ሊወስደው ይገባል። ዩኒቨርሲቲው እስኪያስታውስሽ አትጠብቂ፣ ክሊኒክ ሥራ ሳትጀምሪ ራስሽ ጠይቂ። ከተነከሽ ወይም ከተቧጨርሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሩብ ሰዓት እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በእኛ አገር ሰው መጀመሪያ ጸበል ይሄዳል፤ ጸበሉንም ይሂድ፣ ክትባቱ ግን ይቅደም። ይህን ለጎረቤቶችሽም ንገሪ፤ ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግሽም።

ሐኪም ከቡሬ፦

ቅጹን ሳትልኪ በፊት በገበያ ቀን ቅርብሽ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ሄደሽ ኃላፊውን አስፈቅጂና ከጠዋት እስከ ቀትር ቁሚ። መርፌ አትያዢ፣ ዝም ብለሽ እዪ፤ የሚመጡት ባለቤቶች ምን እንደሚጠይቁም አዳምጪ። የጉበት ትል ያለበት በግ ከመጣ ስለዚያ ረግረግ ጠይቂ፤ አባትሽ የት እንደሚያሰማሩም እዚያው መልስ ታገኚያለሽ፤ ቢያንስ መድኃኒቱ በየትኛው ወር እንደሚሰጥ ይነግሩሻል። ቦት ጫማ አድርጊ፤ የከብት ኋላ አትቁሚ፤ ነጭ ልብስ ለብሰሽ እንዳትሄጂ።